የደጋዋ ሙሽራ፣ ዓሣውና ብላታ ውሮ

ኪ ኪ ኪ! ኧረ ቆዩ፣ ኧረ ሳቁ ይለፍ! ያን ድመት ባሰቡት ቁጥር ሆድ ይታመማል እኮ! በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች፤ አንተ ግድግዳውን አትፋቅ፣ አንቺም ጣትሽን ከአፍሽ አውጪ። ጣፋጩ ኋላ ነው የሚመጣው። ድመቱ በመጨረሻ የተናገራትን እስክትሰሙ ድረስ ማንም ንቅንቅ እንዳይል። የተነሣ ዓሣ አይቀምስም!

እንግዲህ አፍ ከዚህ፣ ጆሮ ከናንተ።

በድሮ ዘመን፣ ጣና ሞልቶ ደጅ ድረስ በሚመጣበት፣ ዓሣው በዝቶ ታንኳውን በጅራቱ በሚደበድብበት ዘመን፣ በሐይቁ ዳር አንዲት ቤት ነበረች። በዚያች ቤት ሦስት ሰውና አንድ ድመት ይኖሩ ነበር።

እሜቴ አንጓች የቤቱ እናት ናቸው፤ አፋቸው እሳት፣ ሆዳቸው ቅቤ። ልጃቸው ፈንታ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ አፉ ዝግ። ትርንጎ አዲሷ ሙሽራ ናት፤ ከጉና ሥር፣ ከደጋ የመጣች። ዓሣ የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ግን አንዴ የነገሯትን አትረሳም። ድመቱ ደግሞ ብላታ ውሮ ነው። ማን ሾመው እንዳትሉ፤ ራሱን በራሱ ነው የሾመው! ወፍራም ነው፣ ሰነፍ ነው፣ ምላሱ ግን እንደ ነገረ ፈጅ የተሳለ ነው።

ያኔ፣ ልጆች፣ የጣና ዳር ሰው ሁሉ ዓሣውን በየጓዳው በጢስ ያደርቅ ነበር። ክረምት ሲገባ ማዕበሉ ይነሣላ! ታንኳ አይወጣ፣ መረብ አይጣል። ከሰኔ እስከ መስቀል የሚበላው ያው ከጓዳው ማገር ላይ የተንጠለጠለው ነው። አመሻሹ ላይ ጢሱ ከየሣር ክዳኑ ሥር ሲወጣ፣ መንገደኛ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ያቺ የእገሊት ቤት፣ ያቺ ደግሞ የእነ እገሌ ብሎ በጢሱ ሽታ ይለይ ነበር። ሳያዩ ማወቅ ማለት ያ ነው! ዛሬ ያ ሽታ የት አለ? አፍንጫውስ አለ፤ ጢሱ ነው የጠፋው።

ግንቦት ሲጋመስ እሜቴ አንጓች ሙሽሪትን ጠሯት።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ የደጋ ልጅ። የዚህን ቤት ወግ ልንገርሽ። የክረምቱን ዓሣ የምታጥነው አዲስ ሙሽራ ናት። እኔም አጥኛለሁ፤ አማቴም አጥነዋል። አርባ ዓሣ ነው። መስቀልን ካየ ይህን የጨው ቀንድ አስረክብሻለሁ፤ ጓዳው ያንቺ ይሆናል።»

«ካላየስ እሜቴ?»

«ካላየማ ፈንታ በበቅሎ አድርጎ እናትሽ ቤት ይመልስሻል። ወጉን እኔ አላወጣሁት!»

ትርንጎ ፈንታን አየችው። ፈንታ መረቡን አየ።

«እኔ አጠምዳለሁ እንጂ በጓዳ ነገር አልገባም» አለ። አይ ወንድ!

ትርንጎ ፈንታን ወዳዋለች፤ ያቺን ቤት ለምዳለች። ደግሞ ሙሽራ ወጥታ ዓመት ሳይሞላት ብትመለስ የጉና ሴት ወንዝ ወርዳ ምን ትላለች? «ዓሣ አቃጥላ መጣች!» መባል ሞት አይደለም ወይ?

በመጀመሪያው ቀን ፈንታ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይዞ መጣ፤ ገና ጅራቱ የሚንፈራገጥ፣ ቅርፊቱ እንደ ብር የሚያበራ። ትርንጎም ቅርፊቱን ፋቀች፣ ሆዱን ቀደደች፣ አጠበች። ከዚያማ ውኃው እየተንጠባጠበ ማገሩ ላይ ሰቀለችና ከሥሩ እሳቱን ቦግ አደረገችዋ! እሳቱ ነደደ፣ ዓሣው ላበ፣ ሥጋው ላላ። አንዱ ቸስ ብሎ እሳት ውስጥ ወደቀ። ሁለተኛው ቸስ። ሦስተኛው ቸስ።

እሜቴ አንጓች በሩ ላይ ቆመው ሳቁ፤ ሻሻቸው እስኪወልቅ ሳቁ።

«ምነው ልጄ፣ እኛ አጥኚ አልን እንጂ አቃጥለሽ ቅበሪ አልን? እሳት ለወጥ ነው፤ ለዓሣ ጢስ ነው። በጀርባው ሰንጥቂ። ጨው እሺው፤ ገበቴው ላይ አሳድሪው። በማግስቱ ነፋስ ላይ ስቀይው፤ ቆዳው ደርቆ ጣትሽን ያዝ ሲያደርግሽ ያን ጊዜ ወደ ጢሱ። እሳቱ ዓይን እንዳይኖረው፤ ዝም ብሎ ይጢስ። ሦስት ቀን!»

ትርንጎ ይህን ሰማች፤ አንዴ ሰማች፣ በቃት። ሆኖም የጣና ዳር ሰው የሚያጤስበት ኩበትና ደረቅ ደንገል ዓይኗን አቃጠለው፤ ሽታውም አስጠላት። እናቷ ስትድራት የወተት ቅል ማጠኛ ብላ አንድ እስር ወይራ ከጥሎሿ ጋር አስራላት ነበር። እሱን ፈታች፣ ፈለጠች፣ ውኃ አርከፈከፈችና ፍሙ ላይ ጣለችው።

«ወይራ? ዓሣን እንደ ወተት ቅል?» አሉ እሜቴ አንጓች። «ምን ልትንጪበት ነው? ቅቤ ሊወጣው?»

ጢሱ ግን ወጣ። ልጆቼ፣ እንዴት ያለ ጢስ! ቀስ ብሎ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጣፍጦ። ትርንጎ ሽታው ሲደርሳት የእናቷ ጓዳ መጣባት፤ ሌሊት የታለበው ወተት፣ የበጎቹ ጩኸት፣ የጉና ብርድ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ጢሱ ነው?» አሉ እሜቴ።

«አዎን እሜቴ፣ ጢሱ ነው።»

እሜቴ አንጓችም አላመኑም። እሳቸውም አንድ ቀን ሙሽራ ነበሩ።

አሁን ደግሞ ብላታ ውሮ ይምጣ!

እሜቴ ጎረቤት ሲወጡ ጠብቆ፣ ጅራቱን አቁሞ፣ ጢሙን አሹሎ ከትርንጎ ፊት ቁጭ አለ።

«እንደምን ዋሉ እመቤቴ ሙሽራዬ። የአገራችንን ወግ የነገረዎት አለ?»

«የቱን ወግ ብላታ?» አለች። ሙሽራ ናትና ድመቱን አንቱ አለችው፤ ኪ ኪ ኪ! «ምን ይላሉ እስቲ?»

«ከተጠመደው ዓሣ ሁሉ ራሱ የድመት ነው። ካልተሰጠ ሐይቁ ይቆጣል፤ ታንኳ ይገለብጣል። ለኔ ብዬ አይደለም፤ ለፈንታ ብዬ ነው!»

ትርንጎ ለባሏ ፈራች። ራሱን ሁሉ ሰብስባ ሰጠችው። ብላታ ውሮ በላ፣ በላ፣ በላ።

እሜቴ አንጓች ሲመለሱ፣ «ራሱስ?» አሉ።

«ለወጉ ሰጠሁ እሜቴ።»

«የምን ወግ? የዓሣ ራስ እኮ መረቅ ነው! በሽንኩርትና በበርበሬ ቀቅለሽው ጉንፋን የያዘው ሰው ሲጠጣው ላቡ በጆሮው ይወጣል! ምነው ልጄ!»

በሌላ ቀን ፈንታ ሌላ ዓሣ አመጣ። ብላታ ውሮም መጣ።

«እመቤቴ፣ የራሱን ነገር ተሳስቼ ነው፤ ሽምግልና ነው። የአጥንቱ ግን እውነት ነው። የዓሣ አጥንት ያደረበት ቤት ልጅ አይወለድበትም። ለኔ ብዬ አይደለም፤ ለእርስዎ ብዬ ነው!»

ሙሽራ ልጅ አይወለድም ሲሏት እንዴት አትፈራ? አጥንቱን ሁሉ ጠርጋ ሰጠችው። ብላታ ውሮ ቆረጠመ፣ ቆረጠመ፣ ቆረጠመ።

«አጥንቱስ?» አሉ እሜቴ አንጓች።

«ልጅ እንዲወለድ...»

«ልጅ በአጥንት ነው የሚወለደው? ወይ አለመጠየቅ! አጥንት ደርቆ፣ ተቆልቶ፣ ሙቀጫ ውስጥ ተወቅጦ ሽሮ ላይ ይነሰነሳል። ሞራው ቀልጦ በገል መብራት ይሆናል። አንጀቱ ጓሮ ተቀብሮ ዱባ ያፈራል። ይህን ሁሉ ለዚያ ሆዳም አበላሽው?»

ትርንጎ ይህንንም አንዴ ሰማች፤ በቃት። ከዚያ ቀን ወዲያ ድመቱን አንተ አለችው።

በሦስተኛው ጊዜ ብላታ ውሮ መጥቶ፣ «እመቤቴ...» ሲል፣

«ውጣ አንተ!» አለችው። «ሐይቁም ይቆጣ፣ እኔም ተቆጥቻለሁ!»

ራሱን ከፊሉን ቀቀለች፣ ከፊሉን ለክረምት አደረቀች። አጥንቱን ወቀጠች። ሞራውን አቀለጠች። አንጀቱን ቀበረች። አርባው ዓሣ በጀርባው ተሰንጥቆ፣ ጨው ጠጥቶ፣ ነፋስ መትቶት፣ በወይራ ጢስ እንደ ጠይም ቆንጆ ወርዝቶ በቃጫ ገመድ ማገሩ ላይ ተደረደረ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አሸተተ። ብላታ ውሮ ግን ሆዱ ከጀርባው ሊጣበቅ ደረሰ።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ወረደ፣ ማዕበሉ ተነሣ። እሜቴ አንጓች በሳምንት ሁለት ዓሣ ብቻ ያወርዳሉ። ለብ ባለ ውኃ ነክረው፣ ፈልፍለው፣ በኑግ ዘይትና በሽንኩርት ጠበስ ጠበስ ሲያደርጉት፣ ደጁ ዝናብ፣ ውስጡ ሙቀት! ምን ዓይነት ክረምት ነበር፣ ልጆች።

ታዲያ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አራት ዓሣ የለም። ገመዱ ተበጥሶ ይወዛወዛል።

«ማን ወሰደው?» አሉ እሜቴ።

ብላታ ውሮ ከምድጃው ሥር ሆኖ፣ «እኔ ሰው ማሳጣት አልወድም፤ ግን የደጋ ሰው እዚህ አካባቢ ሲያልፍ አይቻለሁ። እናትና ልጅ መጠያየቁ መቼም አይቀርም...» አለ። ወይ ጉድ!

እሜቴ አንጓች ትርንጎን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ለእናትሽ ላክሽ?»

«ሦስቴ ልማልልዎ፣ አልላክሁም!»

«እኔ መሐላ አልቆጥርም፤ ዓሣ ነው የምቆጥረው። በሚመጣው እሑድ አንድ እንኳ ቢጎድል ጓዝሽን ጠቅልይ።»

ፈንታም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሚስቱ አፉን ከፈተ። «እማ፣ እሷ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ» አለና እንደገና ዘጋው። ለፈንታ ይህ ብዙ ነው!

ትርንጎ አላለቀሰችም። ገመዱን አወረደች፤ አገላብጣ አየች። በቢላ አልተቆረጠም፤ ታኝኳል። ቅዳሜ ሚጥሚጣ በዘይት ለወሰችና ገመዱን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀባችው። እሑድ ነጠላዋን ለብሳ፣ ምንም እንዳልተሰማት፣ ከአማቷ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ሲመለሱስ? ሐይቁ ዳር ሰው ተሰብስቧል። መሐሉ ብላታ ውሮ! ምላሱ ወጥቷል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ጣናን ይልሳል፣ ይልሳል፣ ያስነጥሳል፣ ደግሞ ይልሳል።

«ኧረ ያዙት፣ ሐይቁን ሊጨርሰው ነው!» አለ አንዱ።

እሜቴ አንጓች ወደ ጓዳ ሮጡ። አንድ ዓሣ መሬት ላይ ወድቋል፤ ግማሹ የለም።

«አገኘንህ፣ ሌባ!» አሉ ወደ ሐይቁ ተመልሰው።

ድመቱ ያፈረ መሰላችሁ? ጭራሽ! አፉን ጠራርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣

«ሌባ አይደለሁም! ዳኛ ይየኝ! በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ።

ያኔ በጣና ዳር የሰውንም የእንስሳንም ነገር የሚያየው አያ ጉማሬ ነበር። ሰውነቱ ከባድ፣ ነገሩ ዘገምተኛ፣ ፍርዱ ግን እንደ ውኃ ልክ። እፍፍፍ ብሎ ከሐይቁ ብቅ አለና ከዳር ባለው ዋርካ ሥር ጋደም አለ።

ብላታ ውሮ ተነሥቶ አንድ እግሩን አስቀደመ፤ ጅራቱን እንደ በትር አወዛወዘ።

«በላ ልበልሃ! ጌታዬ ዳኛው፣ የዚህች ቤት ቅድመ አያት ከኔ ቅድመ አያት ጋር ቃል ነበራቸው። አይጡን ድመት ይጠብቅ፤ ትራፊው የድመት ይሁን ብለዋል። እሜቴ አንጓች ይካዱና እንይ!»

«አልክድም» አሉ እሜቴ። «ቃሉ አለ።»

«ያም ከሆነ ራሱ ትራፊ ነው፣ ተከለከልኩ። አጥንቱ ትራፊ ነው፣ ተከለከልኩ። ከማገር የወደቀ ትራፊ ነው፤ እሱን ብበላ ሌባ ተባልኩ! ይፈረድልኝ፤ እስከ መስቀል የሚወድቀው ሁሉ የኔ ይሁን!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ይህ ከተፈረደለትማ ድመቱ ሁሉንም እየጣለ ይጨርሰዋል፤ ዓሣው መስቀልን አያይም፤ ትርንጎም የፈንታን ቤት አታይም። ከዚያ በፊት በሸንጎ ፊት ተናግራ አታውቅም። ቢሆንም ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች።

«ጌታዬ ዳኛው፣ አንድ ነገር ልጠይቀው። ትራፊ ማለት ምንድን ነው?»

ብላታ ውሮ ሳቀ። «ይህም ይጠየቃል? ባለቤቱ ሥራ ያጣለት ነገር ነዋ! የማይፈልገው!»

«ትምላለህ?»

«በጢሜ እምላለሁ!»

ትርንጎ ወደ ቤት ሮጠች፤ ተሸክማ መጣች።

«ራሱ ይኸው» አለችና መረቁን በዋንጫ አቀረበች። የሸንጎው ሽማግሌዎች ጠጡ፤ ላባቸው በጆሯቸው ወጣ። «ሥራ አላጣንለትም።»

«አጥንቱ ይኸው» አለችና ዱቄቱን በሰፌድ አሳየች። «ሥራ አላጣንለትም።»

«ሞራው ይኸው» አለችና ገሉን ለኮሰች፤ በዋርካው ጥላ ሥር በራ። «አንጀቱም ያው ጓሮ ነው። የዱባውን ሐረግ ሂዳችሁ እዩት፤ አጥር ዘሏል!»

አያ ጉማሬ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ከማገር የወደቀውስ?»

«ወድቆ ቢሆንማ ጌታዬ በሰጠሁት። ግን የወደቀና የጣሉት አንድ ነው? ገመዱን ሚጥሚጣ ቀብቼ ነበር። መሬት የወደቀ ዓሣ አንስቶ የበላ አፍ እንዲህ አይቃጠልም፤ ገመድ ያኘከ አፍ ነው የሚቃጠለው። ጌታዬ ዳኛው ይዩት!»

ብላታ ውሮ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። «እኔ... እኔ... እጭ! እጭ! እጭጭ!»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ! ዋርካው ራሱ ቅጠሉ ረገፈ፤ አያ ጉማሬ እንኳ ሆዱ ተንቦጫቦጨ።

ሳቁ በረድ ሲል ዳኛው ፈረደ።

«ቃል ቃል ነው። ትራፊው የድመት ነው፤ አላነሣበትም። ልጄ፣ ዓሣው ሲታጠን ሥራ ያላገኘሽለት ነገር አለ?»

ትርንጎ አሰበች፤ እውነቱን ለመናገር አሰበች። «ጌታዬ፣ ጢሱ ብቻ። ዓሣውን ካጠነ ወዲያ በጣሪያ ወጥቶ ይሄዳል። እሱን አላወቅንበትም።»

«እንግዲያው ጢሱ የብላታ ውሮ ነው። ከልጅ ልጅ፣ ማንም አይውሰድበት። ስለበላው ዓሣ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ አይጥ ይጠብቅ፤ አይጡን ይብላ!» አለና እፍፍፍ ብሎ ወደ ሐይቁ ገባ።

ዓሣው መስቀልን አየ፣ ልጆች! አደይ ሲፈነዳ ሦስት ዓሣ ከማገሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እሜቴ አንጓች የጨው ቀንዱን አንስተው ትርንጎ እጅ ላይ አኖሩት። ወዲያውም ልጃቸውን ጠርተው፣ «ፈንታ፣ በቅሎዋን ጫን» አሉት። ትርንጎ ደነገጠች።

«ምን ያስደነግጥሻል? ወይራሽ አልቋል። እናትሽ ዘንድ ሂጂና አምጪ፤ ሦስቱን ዓሣም ይዘሽላቸው ሂጂ፤ የልጃቸውን ሙያ ይቅመሱ። ቶሎ ተመለሺ ታዲያ፤ ካላንቺ ጓዳው አይሸተኝም።»

ከዚያ ወዲያ የጣና ዳር ሰው ዓሣውን በወይራ ያጥን ጀመር ይባላል። ያን ጢስ ያሸተተ ሽማግሌ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ለአፍታ ልጅ ይሆን ነበር።

እንግዲህ ትምህርቱን ያዙ፦ ባለሙያ ቤት ትራፊ የለም፤ ወግ አዋቂ ነኝ የሚል ሁሉም እውነተኛ አይደለም፣ መጀመሪያ ሆዱን እዩ። በሰው ላይ ገመድ የሚያኝክም ምላሱ ይቃጠላል።

ጣፋጩስ? ያው ደረሰ! ብላታ ውሮ ከፍርዱ ማግስት ጀምሮ ምድጃው ዳር ተቀምጦ፣ ዓይኑን አጨንቁሮ፣ ጢሱን ሽቅብ እያየ ይውል ጀመር። ድመት ሁሉ እስከ ዛሬ እንዲያ ነው። የጎረቤት ውሻ በበሩ ሲያልፍ አየውና፣ «ምነው ብላታ፣ ከሰል እስክትመስል ጢስ ውስጥ ምን ታደርጋለህ?» ቢለው፣ ብላታ ውሮ ዞር እንኳ ሳይል እንዲህ አለው፦

«ሂድ ወዲያ! ርስቴን እየጠበቅሁ ነው፤ ዞር ባልኩ ቁጥር በጣሪያ ይወጣብኛል!»